ከቅድስት ኒኖ መቃብር እስከ ቅድስት አርሴማ መቃብር፦ የጆርጂያና የአርሜኒያ የጉዞ ማስታወሻ

አክስቴ ተወልደው ያደጉት ወሎ ውስጥ፣ ከስሪንቃ ቅድስት አርሴማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ወር በገባ በ6 ዝክሯን ሳይዘክሩ የቀሩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ መስከረም 29 እና ታኅሣሥ 6 ደግሞ በቤታቸው እንደ ዓመት በዓል የሚጠበቁ ቀኖች ናቸው። እኔ ወደምኖርበት ወደ ፍራንክፈርት ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ የቅድስቲቱ መቃብር አርሜኒያ ውስጥ እስከ ዛሬ እንዳለና ማንም ምእመን ገብቶ ሊሳለመው እንደሚችል ብነግራቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉኝ።

መንገዱን ያሰናዳነው በበዓላቱ ነው። አርመኖች ህሪፕሲሜ የሚሏትን ቅድስት አርሴማን የሚያከብሩት ከጴራቅሊጦስ በኋላ ያለውን ሁለተኛ እሑድ ተከትሎ በሚመጣው ሰኞ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ይህ ቀን ግንቦት 26 ላይ ዋለ። ጎረቤቶቻቸው ጆርጂያውያን ደግሞ ወንጌልን ያመጣችላቸው ቅድስት ኒኖ ወደ አገራቸው የገባችበትን ቀን በየዓመቱ ግንቦት 24 ያከብራሉ። በአርመኖች ትውፊት ኒኖ ከአርሴማ ጋር ከሮም ከተሰደዱት ደናግል አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ በሕይወት ከተረፈችው ጀምረን በሰማዕትነት ወዳለፉት ለመሄድ ወሰንን።

ግንቦት 22፣ ትብሊሲ

የጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ ሌሊት ደርሰን ያረፍነው አቭላባሪ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ነው። ክፍሉ ለአንድ ሌሊት 90 ላሪ ነበር፤ አንድ ዩሮ ያኔ ወደ 3 ላሪ ይመነዘር ነበርና ለሁለት ሰው ውድ የሚባል አይደለም። ባለቤቷ መበለት ነበሩ፤ አክስቴ በነጠላ ተሸፍነው ሲያማትቡ ባዩ ጊዜ ቋንቋ ሳያስፈልጋቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ሥዕል ቤታቸው ወሰዷቸው። እዚያ ጥግ ላይ፣ ሁለት ክንዶቹ ወደ ታች ዘንበል ያሉ መስቀል የያዘች ሴት ሥዕል ነበር። ኒኖ ናት።

መስቀሉን ከሰዓት በኋላ በሲዮኒ ካቴድራል ተሳለምነው። ትውፊቱ እንደሚለው ኒኖ ሁለት የወይን ሐረግ ቅርንጫፎችን በገዛ ጠጕሯ አስራ የሠራችው ነው፤ ክንዶቹ ያዘነበሉትም ሐረግ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ነው። መስቀሉ ለብዙ ዘመን በስደት ሲዘዋወር ቆይቶ በመጨረሻ ሩስያ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1801 በንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 1ኛ ተመልሷል። ከመቅደሱ በስተ ግራ በተሠራለት ማደሪያ ውስጥ ስለሆነ የሚታየው ማደሪያው ነው፤ ሰዉ ግን ወረፋ ይዞ በግንባሩ እየነካ ያልፋል። አክስቴ ወርቅና ዕንቍ ያለበትን ብዙ መስቀል አይተው ያውቃሉ፤ በዚህኛው ፊት ግን ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። «ያላትን ነው የሰጠችው» አሉ ሲወጡ።

ግንቦት 23፣ ቦድቤ

የኒኖ መቃብር ያለው ከትብሊሲ በስተ ምሥራቅ፣ በካኼቲ አውራጃ ነው። ከሳምጎሪ መናኸሪያ ወደ ሲግናጊ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ በነፍስ ወከፍ 13 ላሪ አስከፈለን፤ ከሲግናጊ እስከ ገዳሙ ያለው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት በእግር ሊሄዱት ይቻላል። ከተራራው ጫፍ የአላዛኒ ሸለቆ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከሸለቆው ባሻገር ደግሞ በግንቦት መጨረሻም በረዶ ያልለቀቀው የካውካሰስ ሰንሰለት አለ።

ቦድቤ ዛሬ የመነኮሳይያት ገዳም ነው። መቃብሩ ከመቅደሱ በስተ ቀኝ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በእብነ በረድ ተሸፍኖ ይገኛል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ ስለማይገባ ብዙ ጠበቅን፤ አንዲት እናት የታመመ ሕፃን ታቅፋ ስትመጣ ግን ሰልፈኛው ሁሉ ማንም ሳያዝዘው መንገድ ለቀቀላት። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የማየው ነገር ስለሆነ ልቤን ነካው።

ከገዳሙ በታች በእርሷ ስም የሚጠራ ምንጭ አለ። የሚወርደው ደረጃ ረጅምና ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ሌሊት ዝናብ ስለነበረ ድንጋዩ ያንሸራትት ነበር። ወደ መጨረሻው ልንደርስ ስንል አክስቴ ተንሸራተው ጉልበታቸውን ተመቱ። አንዲት ወጣት መነኩሲት ወዲያው መጥታ ቁስሉን አጥባ በጨርቅ አሰረችላቸው፤ ገንዘብ ብንሰጣት ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ አመለከተችን። ወደ ጠበሉ ለመግባት ነጭ ረጅም ሸሚዝ ያስፈልጋል፤ እዚያው በ10 ላሪ ይሸጥ ነበር። ውኃው እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ሦስት ጊዜ በስመ ሥላሴ ይጠመቁበታል። አክስቴ ጉልበታቸው እያመማቸው ገብተው ወጡና እንደ አገራችን ጠበልተኛ በጠርሙስ ቀድተው ያዙ። ሽቅብ የተመለስነው ግን በመኪና ነው፤ አንድ የመንደሩ ሰው 15 ላሪ ተቀብሎ በሌላኛው መንገድ አወጣን።

ግንቦት 24፣ ምጽኼታ

ይህ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ጌታ ከእናቱ ጋር ተሰዶ ወደ ግብፅ የገባበት መታሰቢያ ነው። አክስቴ ይህንን ከእንቅልፋቸው እንደተነሡ አስታወሱኝ፤ ስለ አንዲት ስደተኛ ሴት መግባት በሚከበርበት ቀን ላይ መዋሉ ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው አልጠፋም።

ምጽኼታ ከትብሊሲ ቅርብ ናት፤ ከዲዱቤ መናኸሪያ 2 ላሪ ብቻ ከፈልን። የጥንቷ የኢቤርያ፣ ማለትም የያኔዋ ጆርጂያ፣ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችው ይህች ስፍራ ዛሬ ትንሽ ከተማ ሆናለች፤ ከፊት ለፊቷ ባለው ኮረብታ ላይ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሠራት የጀመረው የጅቫሪ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። በኒኖ ዘመን እዚያ ኮረብታ ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል ተተክሎ ነበር።

ሕዝቡ የሚበዛው ሳምታቭሮ በሚባለው የሴቶች ገዳም ነው። በግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ጸሎት አለች፤ ኒኖ ከእሾሃማ የእንጆሪ ቁጥቋጦ ሥር ጎጆ ሠርታ ስትጸልይ የኖረችው በዚህ ነው ይላሉ። ንግሥት ናና በማይድን ደዌ ተይዛ የተፈወሰችው ወደዚያ ጎጆ ተወስዳ ነው፤ ስደተኛዋ ወደ ቤተ መንግሥት አልሄደችም፣ ንግሥቲቱ ወደ ቁጥቋጦው መጣች። ባሏ ንጉሥ ሚርያን ግን እምነቷን ለመቀበል ዘገየ፤ አንድ ቀን አደን ላይ ሳለ ቀኑ ጨልሞበት አማልክቱን ቢጠራ ምንም አልሆነም፣ የኒኖን አምላክ በጠራ ጊዜ ብርሃን ተመለሰለት። የሚርያንና የናና መቃብር እዚያው ሳምታቭሮ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ለአገሬ ሰው መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ስለ ጆርጂያ ማመን በመጀመሪያ የጻፈው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ ነው። የሴቲቱን ስም አይጠራም፤ «ምርኮኛይቱ» ብቻ ይላታል። ይህንን ታሪክ የጻፈው ደግሞ ፍሬምናጦስ፣ የእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በልጅነቱ ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ስለመግባቱና በኋላም ጳጳስ ሆኖ ስለመሾሙ የሚተርከውን ምዕራፍ እንደ ጨረሰ ወዲያው ነው። የአክሱምን ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ ሰማ፤ የኢቤርያን ከአገሩ መስፍን ከባኩርዮስ ሰማ። ሁለቱም አገሮች ወንጌልን የተቀበሉት ሠራዊት ካለው ሰው ሳይሆን ከምርኮኛ እጅ ነው፤ አንደኛዋ ምርኮኛ ደግሞ ሴት ነበረች። ይህንን ለአክስቴ ስነግራቸው «እንግዲያማ ዘመዶች ነን» አሉ።

ከቀትር በኋላ ከ1010 እስከ 1029 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የስቬቲጽኮቬሊ ካቴድራል ተሳለምን። ከሥሩ ሲዶንያ የምትባል የምጽኼታ አይሁዳዊት እንደተቀበረች ይነገራል፤ ወንድሟ ከኢየሩሳሌም ያመጣውን የጌታን ቀሚስ ታቅፋ እንዳለች ዐረፈች፣ ከእጇም ሊያላቅቁት አልቻሉም ይላሉ። ምሳችን በሸክላ ድስት የቀረበ ሎቢዮ፣ ማለትም ቅመም የገባበት የቦሎቄ ወጥ፣ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ነበር፤ ለሁለት 22 ላሪ ከፈልን። አክስቴ በርበሬ ቢጨመርበት የሚሻል መሆኑን ከመናገር በቀር ሳሕኑን አጽድተው በሉ። ጆርጂያውያን እንደ እኛ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለነበሩ ጾም የሚባል ጭንቀት አልነበረብንም።

ግንቦት 25፣ የፓራቫኒ ሐይቅ

ወደ አርሜኒያ ዋና ከተማ ወደ ዬሬቫን የሚወስደው የተለመደው መንገድ በደበድ ወንዝ ሸለቆ በኩል ነው። ነገር ግን ግንቦት 18 ቀን በሰሜን አርሜኒያ በሎሪና በታቩሽ የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ወንዙን አስቆጥቶ፣ ሰው ገድሎ፣ ድልድዮችንና አስፋልቱን ጠራርጎ ወስዶ ነበር። ትኬት ስንቆርጥ ማንም አልነገረን። ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ሾፌሩ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በጻልካና በጊዩምሪ ዞሮ እንደሚሄድ ገለጸና ቀደም ሲል ከከፈልነው 70 ላሪ በላይ ሃያ ሃያ ላሪ ጠየቀን። ሁለት ተሳፋሪዎች ተቆጥተው ወረዱ። እኛ ሰኞን አርሴማ ደጅ መዋል ነበረብንና ከፍለን ቀረን።

ያ መንገድ ከጉዟችን ሁሉ የከበረው ሆነ። ሽቅብ እየወጣን ከሄድን በኋላ ዛፍ የሌለበት፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ የሆነ ሰፊ ደጋ ላይ ደረስን፤ ብርዱ የመንዝን ጓሳ አስታወሰኝ። ከዚያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተኛው የፓራቫኒ ሐይቅ ብቅ አለ። በጆርጂያ መጻሕፍት የተጻፈው፣ ኒኖ ከአርሜኒያ ሸሽታ በተራራ በኩል ስትመጣ መጀመሪያ የደረሰችው ወደዚህ ሐይቅ መሆኑን ነው። ወሩ ሰኔ ሆኖ ሳለ ተራሮቹ በረዶ ለብሰው አይታ ደነገጠች፤ በብርድ ተንቀጠቀጠች፤ ከምጽኼታ የመጡ እረኞችን አግኝታ መንገድ ጠየቀች፤ ድንጋይ ተንተርሳም ተኛች። በሕልሟ አንድ ሰው የታተመ ጥቅል ሰጣት፤ በጥቅሉም ላይ ዐሥር ቃላት ተጽፈው ነበር። ከእነዚህ አንዱ «ወንድም ሴትም የለም» የሚለው የሐዋርያው ቃል ነው፤ ሌላው ደግሞ ሽቱ ስላፈሰሰችው ሴት፣ ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው ይነገራል ተብሎ የተጻፈው ነው።

እኛም በዚያው ወቅት መጥተን ነበርና ብርዱን በገዛ አካላችን አየነው። አክስቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንዲት ብቻዋን የሆነች ልጅ ያለ መኪና፣ ያለ ዘመድ፣ የአገሩን ቋንቋ ሳታውቅ ይህንን ደጋ እንዴት እንዳቋረጠችው ደጋግመው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በሐይቁ ዳር ባለችው ፖካ መንደር በኒኖ ስም የተሠራ የሴቶች ገዳም አለ፤ መነኮሳይያቱ በእጃቸው የሚሠሩትን አይብና ማር በግቢው ደጃፍ ባለች ሱቅ ይሸጣሉ። ሾፌሩ ለጥቂት ጊዜ አቆመልን። በ18 ላሪ አይብ ገዝተን ከተሳፋሪው ጋር በዳቦ ተካፈልን፤ ጠዋት በገንዘቡ ጉዳይ ተኮራርፎ የነበረው ሰው ሁሉ በዚያ መጨዋወት ጀመረ።

ከሐይቁ አልፎ ያለችው የድንበር ከተማ ኒኖጽሚንዳ ትባላለች፤ በቅድስቲቱ ስም ትጠራ እንጂ ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ አርመኖች ናቸው። በባቭራ ኬላ የመኪናው ሰልፍ ረጅም ስለነበረ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። እ.ኤ.አ. በ1988 የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈራረሳትን ጊዩምሪን በመስኮት አይተን፣ ዬሬቫን ስንደርስ መሽቶ ነበር። በዚያው ሌሊት በታክሲ 3,500 ድራም ከፍለን የአርሴማ መቃብር ወዳለባት ከተማ ወደ ቫጋርሻፓት ቀጠልን፤ አንድ ዩሮ ያኔ ከ400 ድራም ትንሽ ከፍ ይል ነበር።

ግንቦት 26፣ ቫጋርሻፓት፦ በአርሴማ ደጅ

ያረፍንበት ቤት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች የሚያስተዳድሩት ነው፤ ቁርስን ጨምሮ ለሌሊቱ 15,000 ድራም። ቁርሱ ላቫሽ የሚባለው ስስ ቂጣ፣ ነጭ አይብ፣ ጥሬ ቅጠላ ቅጠልና የአፕሪኮት ማርማላታ ነበር። ባለቤቲቱ ላቫሹን የምትጋግረው በግቢዋ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ ነው፤ አክስቴ ምድጃውን ጎንበስ ብለው መርምረው፣ ሴትዮዋን ስለ እሳቱ በምልክት ብዙ ጠየቋት፤ ለእንጀራ ጋጋሪ ሌላ የእንጀራ ጋጋሪን ሥራ ለመረዳት ቋንቋ እንደማያስፈልግ አየሁ።

የቅድስት ህሪፕሲሜ ቤተ ክርስቲያን ከከተማው በስተ ምሥራቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ618 በአርመን ቤተ ክርስቲያን ርእሰ አበው በካቶሊኮስ ኮሚታስ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ከ1,400 ዓመት በኋላም ያለ ብዙ ለውጥ ቆሟል። ድንጋዩ ጠቆር ያለ፣ ከውጭ ሲያዩት ጠንካራና ዝግ የሚመስል ሕንፃ ነው፤ ውስጡ ግን ወደ አንድ ሰፊ ጉልላት የሚሰበሰብና ብርሃን የሞላበት ነው። ኮሚታስ ሕንፃውን ከማቆም ሌላ በአርመን ፊደላት ቅደም ተከተል 36 አንቀጽ ያለው መዝሙር ለደናግሉ ደርሷል።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ፣ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና አጋታንጌሎስ በሚባል ጸሐፊ ስም የሚታወቀው የአርመኖች ታሪክ እንደሚለው ላሳጥረው። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ አርሴማን ለማግባት ፈለገ፤ እርሷም ከእመ ምኔቷ ከጋያኔና ከእኅቶቿ ጋር ሸሽታ ወደ አርሜኒያ መጣች። ከከተማው ውጭ በወይን መጭመቂያ ቤቶች ተጠለሉ። የሚበሉት ከየት መጣ ቢሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ የመስታወት ሥራ ታውቅ ነበርና ዶቃ እየሠራች ከተማ እየሸጠች ትመግባቸው ነበር። ይህችን ዶቃ ሠሪ ብዙ ሰው አይጠቅሳትም፤ እኔ ግን በሰማዕታቱ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የቀረበችኝ እርሷ ናት፤ ሰማዕትነት ሳይመጣ በፊት የዕለት እንጀራ የሚባል ነገር አለና፣ ያንን የተሸከመች ሴት አለች።

የአርሜኒያው ንጉሥ ቲሪዳቴስ፣ በመጻሕፍታችን ድርጣድስ የሚባለው፣ አርሴማን ባገኛት ጊዜ እርሱም ወደዳት። በግድ ወደ እልፍኙ አስገባት፤ በጦርነት ዝነኛ የነበረው ንጉሥ ግን ለብዙ ሰዓት ታግሎ ተሸነፈ። ጋያኔን አምጥተው ልጅቱን እንድታግባባ አዘዟት፤ እርሷ ግን በርቺ እያለች አጽናናቻት፤ አፏን በድንጋይ መቱት፣ ጥርሷን ሰበሩት፤ አላቆመችም። አርሴማ በዚያ ሌሊት በሥቃይ ተገደለች፤ ብዙ እኅቶቿም አብረዋት ወደቁ። ጋያኔ በማግስቱ ተገደለች።

የበዓሉ ቅዳሴ የተጀመረው ከረፋዱ በኋላ ነው። ጳጳሳት፣ ካህናትና የሴሚናሪው ተማሪዎች መጥተው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጠባብ ስለሆነ ሕዝቡ በግቢው ውስጥ ቆሟል። ጫማ አይወልቅም፤ ይህ አክስቴን ስላስከፋቸው የራሳቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ሴቶቹ የሚሸፋፈኑት በስስ ዳንቴል ነው። ዲያቆናቱ በረጅም እንጨት ላይ የተሰካ፣ ዙሪያውን ትናንሽ ቃጭሎች ያሉት የብር ክብ ይዘው በየጊዜው ያንቀጠቅጡታል፤ ድምፁ ከጸናጽል የማይለይ ስለነበረ አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በትከሻቸው ያሸበሽቡ ጀመር። የመቅደሱ መጋረጃ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ዕጣኑ፣ የምእመናኑ ስግደት፣ ሁሉም የእኅት ቤተ ክርስቲያን እንግዶች መሆናችንን እየነገረን ቆየ።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብሩ ወረድን። ከመቅደሱ ሥር ባለች ዝቅተኛ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ በጠባብ ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። አክስቴ የተጎዳ ጉልበታቸውን ሳይታዘዙለት ተንበረከኩ። ከደረታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ የማኅበራቸው አባላት፣ የታመሙ ጎረቤቶችና በሰሜኑ ጦርነት የሞቱባቸው ዘመዶች የክርስትና ስም ዝርዝር ነበር። አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የያዙትን መልክአ አርሴማ ከ«ሰላም ለኪ» ጀምረው ይደግሙ ገቡ፤ ከኋላችን የነበሩት አርመኖች ቋንቋው ባይገባቸውም ወረፋቸውን ሳያጉረመርሙ ጠበቁ። በር ላይ የቆመው ካህን ከየት እንደመጣን ጠየቀን። «ኢትዮጵያ» ስንለው፣ አክስቴ በስልካቸው የያዙትን የስሪንቃዋን የአርሴማ ሥዕል አሳዩት። ሥዕሉን ተቀብሎ ሳመው፤ ከዚያም ሌሎቹን ካህናት ጠርቶ እየዞረ አሳያቸው። ቅድስታቸው በአፍሪካ ተራሮች ላይ ገዳም እንዳላት፣ ልጆች በስሟ እንደሚጠሩ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ግንቦት 27፣ ጋያኔና ሾጋካት

በማግስቱ የጋያኔና የባልንጀሮቿ በዓል ነው። በስሟ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የ630 እ.ኤ.አ. ሕንፃ ሲሆን፣ የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ከሆነው ከኤችሚያዚን ካቴድራል በስተ ደቡብ በእግር የሚደረስ ነው። ካቴድራሉ ራሱ በዚያ ጊዜ እድሳት ላይ ስለነበር በብረት መወጣጫ ተከቦ ከውጭ ብቻ ተሳለምነው።

በግቢው ውስጥ ቤተሰቦች በግና ዶሮ ይዘው መጥተው ነበር። አርመኖች ማታግ ይሉታል፤ የተሳለ ሰው እንስሳውን ያመጣል፣ ካህኑ ጨው ይባርካል፣ ጨው የቀመሰው እንስሳ ይታረዳል፣ ሥጋውም በጨው ብቻ ተቀቅሎ ለድኃና ለጎረቤት ይከፋፈላል፤ ባለስለቱ ለራሱ አያስቀርም። አንድ ቤተሰብ እኛንም አስቀመጠን። ልጃቸው ከከባድ ሕመም ስለዳነች ስለት ሊያገቡ የመጡ ናቸው። አክስቴ በዓለ ሃምሳ መሆኑን አስታውሰው ደስ ብሏቸው በሉ፤ የአገራችን ዝክርም እንደዚሁ መሆኑን አስተርጉሚ አሉኝ።

ያስተረጎመልን እንግሊዝኛ የሚችል የሴሚናሪ ተማሪ ነበር። አክስቴ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ወጥተው፣ በግብፅና በኢየሩሳሌም አድርገው እስከ አርማንያ ተሰደው በዚያው ስላረፉት ስለ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ነገሩት። እኔም እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ስላመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ስለመሆናቸው፣ አዲስ አበባ ዛሬም የአርመን ቤተ ክርስቲያን ስለመኖሩ አወራሁት። ተማሪው ስለ ልጆቹ ያውቅ ነበር፤ ስለ ጻድቁ ግን አልሰማም ነበርና ስማቸውን በአርመን ፊደል በደብተሩ ላይ ጻፈ።

ሾጋካት የተባለችው ሦስተኛዋ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1694 እንደገና የተሠራች ናት፤ ከደናግሉ አንዷ ታማ ተኝታ ሳለች በተጠለሉበት ቤት የተገደለችበት ስፍራ እንደሆነ ይነገራል። እዚያ ሰልፍ የለም፣ ሻማ ሻጭም የለም። አንዲት አሮጊት ወለሉን ትጠርግ ነበር።

ግንቦት 28፣ ኮር ቪራፕ

ታክሲ ደርሶ መልስ ከነመቆያው 14,000 ድራም ተስማምተን ከዬሬቫን በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ኮር ቪራፕ ሄድን። ከፊት ለፊት፣ ከዝግ የቱርክ ድንበር ባሻገር፣ አራራት ይቆማል። ገዳሙ በኋላ አርሜኒያን ያጠመቀው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ለ13 ዓመት የተጣለበት ጉድጓድ ላይ የተሠራ ነው። ንጉሡ ደናግሉን ካስገደለ በኋላ አእምሮውን ስቶ እንደ አውሬ በሆነ ጊዜ፣ እኅቱ ኮስሮቪዱክት ጎርጎርዮስን ከጉድጓድ ካላወጣችሁት አይድንም የሚል ራእይ አየች። ማንም በሕይወት አለ ብሎ አላመነም ነበር። ወጣ፤ በመጀመሪያ ያደረገውም የደናግሉን ሥጋ መሰብሰብ ነው። ንግሥት አሽኬንና ኮስሮቪዱክት መቃብሩ ሲቆፈር በእጃቸው ረዱ። አርሜኒያ በትውፊቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ301 አመነች።

ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው፤ ጥልቀቱ 6 ሜትር ያህል ይሆናል። አክስቴ በጉልበታቸው ምክንያት ላይ ቀሩ፤ እኔ ወረድኩ። ከታች አየሩ የታመቀ ሲሆን፣ ግድግዳው በሻማ ጢስ ጠቁሯል። ጎርጎርዮስ 13 ዓመት የኖረው አንዲት መበለት በሕልሟ በታዘዘችው መሠረት በየቀኑ አንድ ዳቦ እየጋገረች ስለምትጥልለት ነው። የታሪኩ ጸሐፊ «አንዲት መበለት» ከማለት ያለፈ አይነግረንም። ወደ ላይ ቀና ብዬ ቀዳዳውን ስመለከት ያሰብኩት ስለ እርሷ ነው፤ በንጉሥ እስረኛ ላይ ዳቦ መጣል የሚያስገድል ነገር ነበር፤ ሕዝቡን ያጠመቀው ሐዋርያ በሕይወት የቆየው በእርሷ ሊጥ ነው። ስወጣ ለአክስቴ ነገርኳቸው። «ስም ከሌላት በምን እንዘክራት?» ብለው አሰቡና፣ ከአርሴማ ዝክር በሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንድ ሙሉ ዳቦ ለብቻው ተለይቶ ለነዳያን እንዲሰጥ ወሰኑ፤ ለማኅበራቸው ሊቀ መንበርም እዚያው ቆመው ደወሉ።

መሄድ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ የአርመኖቹ በዓል እንደ ትንሣኤያቸው ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል፤ በ2016 ዓ.ም. እነርሱ ጴራቅሊጦስን አሳልፈው ሳለ እኛ ገና በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበርን። ከበዓሉ ቀን ውጭ የሚሄድ ሰው መቃብሮቹን በጸጥታ ያገኛቸዋል። ተዘግቶ ያገኘነው የኤችሚያዚን ካቴድራልም ከተመለስን በኋላ፣ መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ተባርኮ ተከፍቷል። ከትብሊሲ በመኪና ለሚነሣ፣ የደበዱ መንገድ ተጠግኖ ቢሆን እንኳ በፓራቫኒ በኩል ዞሮ እንዲሄድ እመክረዋለሁ፤ ጋቢ ግን ይያዝ።